ቃላት የጠየቀው ፍርድ ቤት

በደቡብ ሕንድ፣ በታሚል ናዱ ግዛት፣ «ዘጠኝ» ስድብ ነው። ወንድ ተብሎ የተወለደ፣ አረማመዱና አነጋገሩ ግን የሴት ነው የተባለ ልጅ በሰፈሩ ሲያልፍ ከኋላው የሚከተለው ይህ ቁጥር ነው። በትምህርት ቤት ግቢ፣ በአውቶቡስ ውስጥ፣ በሻይ ቤት ደጃፍ ይወረወርበታል። ልጁ ገና ስለ ራሱ የሚናገርበት ቃል ሳያገኝ ሰፈሩ ቀድሞት ስም አውጥቶለታል። እኛ ዘንድ «ስም መልአክ ያወጣዋል» ይባላል። ለእነዚህ ልጆች ስም ያወጣላቸው መንገድ ዳር የቆመ ጎረምሳ ነው።

በ2022 ኦገስት ወር የታሚል ናዱ መንግሥት በይፋዊ ጋዜጣው ላይ አንድ የቃላት ዝርዝር አሳተመ። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) የሕግ ድንጋጌና የሹመት ማስታወቂያ በሚወጣበት በዚያ ጋዜጣ፣ ከተለመደው የወንድነትና የሴትነት መስመር ውጭ የሚኖሩ ሰዎች በታሚል ቋንቋ በምን ቃል ቢጠሩ ክብራቸው እንደሚጠበቅ ተዘርዝሮ ወጣ። መንግሥት በራሱ ተነሳሽነት ያደረገው አልነበረም፤ የማድራስ ከፍተኛ ፍርድ ቤት አዝዞት ነው። ዳኛው ጋዜጠኞችም ከዚያ ወዲያ በእነዚህ ቃላት እንዲጠቀሙ አሳሰቡ።

ፍርድ ቤት ሰው ያስራል፣ ይፈታል፣ ንብረት ያካፍላል። ቃላት አምጡ ብሎ መንግሥትን ሲያዝዝ ግን ብዙ ጊዜ አይታይም። ለዚህ ያበቃው ጉዳይ ሲጀመር ስለ ቃላትም ስለ ትራንስጀንደር ሰዎችም አልነበረም። ከማዱራይ ከተማ የመጡ ሁለት ወጣት ሴቶች ተዋደዱ፤ ቤተሰቦቻቸው ሲቃወሟቸው ወደ ግዛቱ ዋና ከተማ ወደ ቼናይ ሸሹ። ወላጆች ልጆቻችን ጠፉብን ብለው ለፖሊስ አመለከቱ፤ ፖሊስም ተከታተላቸው። ሴቶቹ ደግሞ ጥበቃ ይደረግልን ብለው ፍርድ ቤት ቀረቡ። መዝገቡ የደረሳቸው ዳኛ ኤን. አናንድ ቬንካቴሽ ነበሩ።

ዳኛው ወጣቶቹንም ወላጆቹንም ወደ ሥነ ልቦና አማካሪ ላኩ። ከዚያ ራሳቸው ተራቸውን ያዙ። ስለዚህ ነገር የማውቀው ካደግሁበት ማኅበረሰብ የወረስሁትን ብቻ ነው፣ ልፈርድ ከሆነ መማር አለብኝ ብለው ከአማካሪዋ ፊት ተቀመጡ። ይህንንም ደብቀው አላለፉትም። ጁን 7 ቀን 2021 በሰጡት ትእዛዝ ላይ፣ ከየትኛው ግምት ተነስተው ወዴት እንደደረሱ በግልጽ ጻፉት። አንድ የከፍተኛ ፍርድ ቤት ዳኛ በወንበሩ ላይ ሆኖ «አላውቅም ነበር» ማለቱን እኔ ከፍርዱ ውጤት አሳንሼ አላየውም።

ትእዛዙ ብዙ ነገር አስከተለ። ሐኪሞች ሰውን ከጾታ ማንነቱ ወይም ከፍቅር ዝንባሌው «እንፈውሳለን» ብለው የሚያደርጉት ሙከራ ተከለከለ። የሕክምና ተማሪዎች የሚማሩባቸው መጻሕፍት እነዚህን ሰዎች እንደ ወንጀለኛና እንደ እብድ ይገልጹ ስለነበር እንዲታረሙ ታዘዘ። በቀጣዩ ዓመት የግዛቱ የፖሊስ ሥነ ምግባር ደንብ ተሻሽሎ፣ ፖሊስ እነሱንና የሚረዷቸውን ሰዎች እንዳያንገላታ የሚከለክል አንቀጽ ገባበት። ትእዛዙ ግን ወደ ሰዉ ጆሮ ሲደርስ በጋዜጣ ቋንቋ ነበር፤ በየዕለቱ ጋዜጦች ላይ ያሉት ቃላት ደግሞ አብዛኞቹ ከመንገድ ዳር የተለቀሙ ነበሩ። ዳኛው የቃላት ዝርዝር የጠየቁት ለዚህ ነው።

እዚህ ላይ ነገሮቹን ለይቶ ማስቀመጥ ግድ ነው፤ በአማርኛም ቢሆን ሁሉም በአንድ ከረጢት እየታጨቁ ይወራሉና። ሁለቱ የማዱራይ ሴቶች ትራንስጀንደር አይደሉም። ሴት ተብለው ተወለዱ፣ ሴት ነን ይላሉ፣ የሚወዱትም ሴት ነው። የእነሱ ጉዳይ ማንን እወዳለሁ የሚል ነው። የትራንስጀንደር ሰው ጉዳይ ከዚያ የተለየ ነው፤ ማን ነኝ የሚል።

ሕፃን ሲወለድ አዋላጅዋ ገላውን አይታ «ወንድ ነው» ወይም «ሴት ናት» ትላለች። ያ ቃል በክርስትና ስም፣ በልደት ምስክር ወረቀት፣ በትምህርት ቤት መዝገብ፣ በመታወቂያ እየተከተለን እናረጃለን። ለአብዛኛው ሰው ይህ ቃል ውስጡ ከሚያውቀው ጋር ስለሚገጥም ሐሳብም አይሆንበትም። ለጥቂቶች አይገጥምም። ወንድ ተብላ ተመዝግባ ራሷን እንደ ሴት የምታውቅ ሰው ትራንስ ሴት ትባላለች፤ ሴት ተብሎ ተመዝግቦ ራሱን እንደ ወንድ የሚያውቅ ትራንስ ወንድ ይባላል። ወንድም ሴትም አይደለሁም የሚሉም አሉ። ይህ ሰው ስለ ራሱ ያለው ውስጣዊ ዕውቀት የጾታ ማንነት ይባላል። ትራንስ ሴት ወንድ ልትወድ ትችላለች፣ ሴት ልትወድም ትችላለች፣ መነኩሲት ሆና ልትኖርም ትችላለች። የፍቅር ዝንባሌዋ ሴትነቷን አይጨምረውም፣ አይቀንሰውም።

ሌላው የሚደባለቀው የአካል ጉዳይ ነው። አማርኛ «ፍናፍንት» የሚለው ቃል አለው፤ ሲወለድ ገላው ከወንድም ከሴትም የተለመደ አፈጣጠር የተለየ ሰው ማለት ነው። ሩጫ ለምንከታተል የዚህ ምሳሌ ሩቅ አይደለም። ሳንቲ ሱንዳራራጃን የታሚል ናዱ ገጠር ልጅ ናት። በ2006 በዶሃው የእስያ ጨዋታ በ800 ሜትር የብር ሜዳሊያ አገኘች፤ ከቀናት በኋላ የጾታ ምርመራ አላለፈችም ተብሎ ሜዳሊያዋ ተወሰደባት። ሳንቲ ሴት ተብላ ተወልዳ፣ ሴት ሆና አድጋ፣ ሴት ነኝ እንዳለች ያለች ሰው ናት። የተለየው ከዓይን የተሰወረ የገላዋ አሠራር ነው። እሷን ትራንስጀንደር ማለት ስሕተት ነው፤ ሆኖም ሰፈሩ ለሁሉም ያው አንድ ስድብ ነበረው። የማድራስ ፍርድ ቤት በ2019 በሌላ መዝገብ፣ እንዲህ ዓይነት አካል ይዘው በሚወለዱ ሕፃናት ላይ ሕይወታቸውን ለማዳን ካልሆነ በቀር «ለማስተካከል» ተብሎ ቀዶ ሕክምና እንዳይደረግ አዘዘ። ልጁ አድጎ ለራሱ ይወስን ነው የፍርዱ መንፈስ።

*

በታሚል አቆጣጠር ቺቲራይ በሚባለው ወር፣ ከኤፕሪል አጋማሽ እስከ ሜይ አጋማሽ ባለው ጊዜ፣ የቪሉፑራም ከተማ አልጋ ቤቶች ይሞላሉ። ከቼናይ፣ ከሙምባይ፣ ከባንጋሎር በባቡርና በአውቶቡስ የሚመጡት ትራንስ ሴቶች ናቸው። ሳሪያቸውን ይተኩሳሉ፣ ጸጉራቸው ላይ ጃስሚን አበባ ይሰካሉ፣ ዓመት ሙሉ ያልተያዩ ይሳሳማሉ። በከተማው የቁንጅና ውድድር ይካሄዳል። የጤና ድርጅቶችም ስለ ኤችአይቪ ለማስተማርና ለመመርመር ይመጣሉ። ዋናው በዓል ግን ከከተማው ወጣ ብላ በምትገኘው ኩቫጋም በተባለች ትንሽ መንደር፣ በኩታንዳቫር ቤተ መቅደስ ነው።

የበዓሉ ታሪክ ማሃባራታ በተባለው የሕንድ ጥንታዊ ትረካ ውስጥ ካለው ጦርነት ይነሳል። ፓንዳቫዎች የተባሉት ወንድማማቾች ድል እንዲያገኙ ለካሊ አምላክ የሚሠዋ ፍጹም ወንድ ያስፈልግ ነበር። ከወንድማማቾቹ የአንዱ፣ የአርጁና ልጅ አራቫን እኔ ልሠዋ አለ፤ ነገር ግን ሳላገባ አልሞትም ብሎ ጠየቀ። ነገ የሚገደለውን ሙሽራ የምታገባ ሴት ጠፋች። በመጨረሻ አምላኩ ክሪሽና ሞሂኒ የተባለች ሴት ሆኖ አገባው፤ በማግስቱ አራቫን ተሠዋ፣ ሞሂኒም እንደ ባል የሞተባት ሴት አለቀሰችለት። ወደ ኩቫጋም የሚመጡት ሁሉ ያቺ ሞሂኒ ናቸው።

በሙሉ ጨረቃዋ ሌሊት ሙሽሮቹ ተሰልፈው ወደ ቤተ መቅደሱ ይገባሉ። ካህኑ ለእያንዳንዷ ታሊ ያስርላታል፤ በእርድ ቢጫ የተነከረ፣ እንደ ማተብ በአንገት የሚታሰር የጋብቻ ክር ነው። ደጅ ላይ ካፉር ተከምሮ ይነዳል፤ ዙሪያውን እያጨበጨቡ ይዘፍናሉ። ከመንደሩ ወንዶችም ስእለት ያለባቸው ታሊ ያስራሉ፤ አራቫንን ማግባት የትራንስ ሴቶች ብቻ አይደለም። ሌሊቱ የሠርግ ሌሊት ነው። ሊያስቸግራቸው የሚመጣ ወንድ መብዛቱ ሳይዘነጋ፣ በዓመት አንዴ በአደባባይ ሴት የሚሆኑበት ሌሊት ነው።

ሲነጋ የአራቫን ምስል በትልቅ የእንጨት ሠረገላ ተጭኖ መንደሩን ይዞራል፤ ወደ ለቅሶው ሜዳ ይወሰዳል። እዚያ ታሊው ይበጠሳል። የመስታወት አምባሮቻቸው እጃቸው ላይ እያለ ይሰበራሉ። ግንባራቸው ላይ ያለው ቀይ ቀለም ይጠረጋል። ደረታቸውን እየደቁ ያለቅሳሉ፤ ታጥበው ነጭ ሳሪ ይለብሳሉ፤ ነጭ በዚያ አገር የመበለት ልብስ ነው። ለቅሶው ለአራቫን ብቻ አይደለም ይላሉ። ከቤት የተባረረችበትን ቀን፣ ያላያትን ወንድም፣ ሳይነግሯት የተቀበረች እናትን አንድ ላይ የምታለቅስበት ሜዳ ነው። አልቃሹ ብዙ፣ የሚያጽናና ጥቂት ነው።

ይህን በዓል የሚያውቁ የሕንድ ሰዎች «ባህላችን ያከብራቸዋል» ሲሉ ይሰማል። በከፊል እውነት ነው። በሰሜን ሕንድ ሂጅራ የሚባሉት ልጅ በተወለደበትና ሠርግ ባለበት ቤት ሄደው ይባርካሉ፤ ምርቃታቸው ይፈለጋል፣ እርግማናቸው ይፈራል። መፈራት ግን መከበር አይደለም። የምትባርክላቸውን ሕፃን አቅፋ መልሳ የምትሄድበት ቤት አብዛኛውን ጊዜ የእናቷ አይደለም፤ የጉሩዋ ነው። ሂጅራዎች ከቤተሰብ ሲወጡ ሌላ ቤተሰብ ይሠራሉ። ታላቋ ጉሩ፣ ታናሿ ቼላ ናት። ቼላ ካገኘችው ለጉሩዋ ትሰጣለች፤ ጉሩዋ ታስተዳድራታለች፣ ትገሥጻታለች፣ ስትታመም ታስታምማታለች። የታሚል ናዱዋ ጸሐፊ ኤ. ሬቫቲ በ2010 በእንግሊዝኛ በታተመው የሕይወት ታሪኳ ይህን ዓለም ከውስጥ ጽፋዋለች፤ ከገጠር ቤቷ ሸሽታ ዴልሂ መግባቷን፣ ስትመለስ የወንድሞቿን ዱላ፣ በጉሩዋ ቤት ያገኘችውን መጠለያና እዚያም ያለውን ጭካኔ ሳታለሳልስ። የደስታ ቤት ነው አላለችም። የሚቀበላት ሌላ በር አልነበረም እንጂ።

ያ በር እንዲጠብብ ያደረገው አንዱ የእንግሊዝ ቅኝ ገዥ ሕግ ነው። በ1871 «የወንጀለኛ ጎሳዎች ሕግ» የተባለው ሲወጣ ሁለተኛው ክፍሉ ሂጅራዎችን «ጃንደረባ» ብሎ ጠራቸው። ጃንደረባ ለኛ እንግዳ ቃል አይደለም፤ በሐዋርያት ሥራ የንግሥት ህንደኬ ሹም የሆነው ኢትዮጵያዊ ጃንደረባ ነበር። ጃንደረባነት የተኮላሸ ወንድ ሹመት ነው፤ ሂጅራነት ሌላ ነው። ከሂጅራዎች መካከል በባህላዊ መንገድ በገዛ ወገናቸው እጅ፣ አንዳንዴም ሞት እያስከተለ፣ የሚቆረጡ አሉ፤ ሳይቆረጡ የሚኖሩም አሉ። ለሕጉ ግን ልዩነት አልነበረውም። ስማቸውና ንብረታቸው በመዝገብ ይያዝ ተባለ። የተመዘገበች ሰው በመንገድ የሴት ልብስ ለብሳ ወይም በአደባባይ ጨፍራ ከተገኘች ያለ ማዘዣ ተይዛ እስከ ሁለት ዓመት ልትታሰር ትችል ነበር። ኑዛዜ መጻፍ፣ ስጦታ መስጠት፣ ልጅ ማሳደግ ተከለከለች። ሕጉ ከተሻረ ብዙ ዘመን አልፏል፤ ፖሊስ ሂጅራ ሲያይ እጁ ወደ ዱላ የሚሄድበት ልማድ ግን ከዚያ ዘመን የተወረሰ ነው ብዬ አምናለሁ።

*

ስለ ቃላቱ ልመለስ። በታሚል ናዱ ቀድሞ የተሻለው ስም «አራቫኒ» ነበር፤ የአራቫን የሆነች ማለት ነው። በ2000ዎቹ ብዙዎቹ ይህንንም ተዉት፤ ከአንድ በዓልና ከአንድ ሃይማኖት ጋር ያስረናል አሉ። ቦታውን የያዘው «ቲሩናንጋይ» ነው። «ቲሩ» በታሚል የአክብሮት ቃል ነው፤ በሰው ስም ፊት እንደ አቶና ወይዘሮ ይነገራል፣ ለቅዱስ ነገርም ይነገራል። «ናንጋይ» እመቤት ማለት ነው። ቃሉ በመንግሥት ወረቀት እንዲጸና ያደረጉት የያኔው ርዕሰ መስተዳድር ኤም. ካሩናኒዲ ናቸው ይባላል። ለትራንስ ወንዶች «ቲሩናምቢ» የሚለው ተፈጠረ። የ2022ቱ የመንግሥት ጋዜጣ እነዚህን አጸና።

ትራንስ ወንዶች በዚህ ታሪክ ውስጥ ጥቂት የሚነገርላቸው ስለሌሉ አይደለም። ሴት ተብሎ ያደገ ልጅ በአሥራ አራት ዓመቱ ተነስቶ ባቡር ላይ መውጣት አይችልም፤ ቤት ይጠበቃል፣ ይዳራል። ጉሩ ቤት የለውም፣ በዓል የለውም፣ የሚያጨበጭብበት ሠርግ የለውም። በአገሩ ተረት ውስጥ ሞሂኒ አለች፤ እሱን የሚመስል የለም።

የሚገርመኝ ግን ታሚል ይህን ጥያቄ አሁን የጀመረው አለመሆኑ ነው። እስከ ዛሬ ከተገኙት የታሚል የሰዋስው መጻሕፍት ሁሉ ጥንታዊው ቶልካፒያም፣ ወንድነቱ የተለወጠን ሰው በሰው ልጅ መደብ ውስጥ አስቀምጦ፣ ለእንዲህ ያለ ሰው ለብቻው የተሠራ የግስ መድረሻ ስለሌለ የሌሎቹን ይዋሳል ይላል። የሰዋስው ሊቅ ቋንቋው ያልመደበላቸው ሰዎች መኖራቸውን አስተውሎ ጻፈው። አልሰደባቸውም። ከሰው መደብም አላወጣቸውም።

አማርኛ ተናጋሪ ይህ ችግር ቶሎ ይገባዋል። ሰላምታችን ራሱ ምርጫ ያስገድዳል፤ ለእኩያ እንዴት ነህ ወይም እንዴት ነሽ ሳይሉ ደኅንነት መጠየቅ ይከብዳል። ስለ ሌላ አንድ ሰው ስንናገር ወንድና ሴት የማይለዩት እንደ «እርስዎ» እና «እሳቸው» ያሉት የአክብሮት ቃላት ናቸው፤ እነሱ ደግሞ ለሽማግሌና ለባለሥልጣን የተያዙ ናቸው። አማርኛ የአንድን ሰው ጾታ የማይጠይቀው ሲያከብር ነው። በታሚልም ሦስተኛው መደብ ላይ እንዲሁ ነው፤ «አቫር» የሚለው የአክብሮት ተውላጠ ስም ወንድም ሴትም አይልም።

እኛ ዘንድ ያሉት ቃላት ጥቂትና የሚያቆስሉ ናቸው። «ወንዳገረድ» በሰፈር ሲነገር የምንሰማው ለመግለጽ አይደለም፣ ለመጣል ነው። በዜና ዘወትር የሚነበበው «ጾታ ቀያሪ» ስድብ የለበትም፤ ነገሩን ግን ወደ ሆስፒታል ይወስደዋል። ብዙ ትራንስጀንደር ሰዎች ቀዶ ሕክምና አድርገው አያውቁም፤ አንዳንዱ አቅም የለውም፣ አንዳንዱ አይፈልግም። የተቀየረው ጾታቸው ሳይሆን ሰው ስለ እነሱ የሚያውቀው ነው ይላሉ። እኔ «ትራንስጀንደር» የሚለውን እንዳለ በፊደላችን መጻፍ የመረጥሁት ለዚህ ነው። ስልክና ባንክ እንደገቡት ይግባ።

ይህ ለአማርኛ ተናጋሪ የሩቅ አገር ወሬ ብቻ አይደለም። ዋሽንግተን ዲሲ በ2004 ባወጣችው የቋንቋ ሕግ መሠረት የከተማዋ መሥሪያ ቤቶች ወረቀታቸውን ከሚተረጉሙባቸው ቋንቋዎች አንዱ አማርኛ ነው። በዚያችው ከተማ ከ2017 ጀምሮ መንጃ ፈቃድ ላይ ከወንድና ከሴት ሌላ ሦስተኛ ምልክት ማስጻፍ ይቻላል። በክሊኒክ ወይም በትምህርት ቤት ከእናትና ከልጅ መካከል የሚቀመጥ አማርኛ አስተርጓሚ «የጾታ ማንነት» የሚለውን በሆነ ቃል መናገር አለበት፤ የሚመርጠው ቃል እናቲቱ ልጇን በምን ዓይን እንደምታይ ሊወስን ይችላል። በአገር ቤትም ቢሆን አሜሪካዊው አንትሮፖሎጂስት ዶናልድ ዶንሃም በ1970ዎቹ በደቡብ ኦሞ ማሌዎች ዘንድ በነበረበት ጊዜ «አሽቲሜ» የሚባሉ፣ ወንድ ሆነው ተወልደው እንደ ሴት የሚለብሱና የሴት ሥራ የሚሠሩ፣ ቀድሞ በንጉሡ ግቢ ቦታ የነበራቸው ሰዎች እንደነበሩ መዝግቧል። አሽቲሜ ዛሬ ትራንስጀንደር ከምንለው ጋር አንድ ነው ማለት አይቻልም፤ የማሌ ንጉሥ ሥርዓት የራሱ ምክንያት ነበረው። ቃሉ ግን ነበር፣ ቦታም ነበራቸው።

*

ታሚል ናዱ ቃል ብቻ አልነበረም ያላት። በ2008 ኤፕሪል 15 ለትራንስጀንደር ሰዎች የመንግሥት የበጎ አድራጎት ቦርድ አቋቋመች፤ በመንግሥት ሆስፒታሎች ነጻ ቀዶ ሕክምና ጀመረች። ከስድስት ዓመት በኋላ፣ በአጋጣሚ በዚያው ቀን፣ ኤፕሪል 15 ቀን 2014፣ የሕንድ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኞች ኬ.ኤስ. ራዳክሪሽናንና ኤ.ኬ. ሲክሪ ታሪካዊውን ፍርድ ሰጡ። ሰው የጾታ ማንነቱን ለራሱ የመወሰን መብት አለው፤ ወንድ፣ ሴት ወይም ሦስተኛ ጾታ ብሎ ሊመዘገብ ይችላል፤ ለዚህም ቀዶ ሕክምና አድርግ ተብሎ ሊገደድ አይችልም አሉ። ከዚያ ሦስት ዓመት በፊት በተካሄደው የሕዝብ ቆጠራ 487,803 ሰዎች ከወንድና ከሴት ሌላ በሚለው ሥር ተመዝግበው ነበር።

የዓለም ሕክምናም በዚያው አቅጣጫ ሄደ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 አጽድቆ በ2022 ሥራ ላይ ባዋለው 11ኛው የበሽታዎች መዝገብ የትራንስጀንደር ሰዎችን ጉዳይ ከአእምሮ ሕመሞች ምዕራፍ አውጥቶ ከጾታዊ ጤና ጋር አስቀመጠው። ጨርሶ ያላወጣው ሆርሞንና ቀዶ ሕክምና የሚፈልጉት የሕክምና ዋስትና እንዳይነፈጉ ነው።

ሕግ አውጪው ግን ፍርድ ቤቱ የከፈተውን መልሶ አጠበበ። በ2019 የወጣው የሕንድ ሕግ ማንነትን ለማስመዝገብ ለወረዳው አስተዳዳሪ ማመልከትና ምስክር ወረቀት መቀበል ግድ አደረገ፤ ወንድ ወይም ሴት ተብሎ ለመጻፍ ደግሞ የቀዶ ሕክምና ማስረጃ ጠየቀ። በትራንስጀንደር ሰው ላይ ለሚፈጸም ጥቃት፣ ወሲባዊ ጥቃትን ጨምሮ፣ የደነገገው ቅጣት ከስድስት ወር እስከ ሁለት ዓመት ነበር። ሴትን የደፈረ ግን ቢያንስ አሥር ዓመት ይታሰር ነበር። ይህ ልዩነት ሲታይ የሕጉ ስም ላይ ያለው «ጥበቃ» የሚለው ቃል ያስቆጣል።

ወረቀቱ ከተገኘም በኋላ ቤት የሚያከራይ ያስፈልጋል። በጎረቤት ግዛት ኬረላ የኮቺ ከተማ ባቡር በ2017 ትራንስጀንደር ሠራተኞችን ሲቀጥር በዓለም ዜና ተወራ። 23 ነበሩ። ብዙ ሳይቆይ ከፊሎቹ ሥራውን ለቀቁ፤ ደመወዛቸውን ይዘው ሲዞሩ የሚያከራያቸው ጠፍቶ በየቀኑ ለአልጋ ቤት የሚከፍሉት ከሚያገኙት በለጠ። በታሚል ናዱ ፕሪቲካ ያሺኒ የፖሊስ መኮንን ለመሆን ስታመለክት ቅጹ እሷ የምትሞላበት ቦታ ስላልነበረው ውድቅ ሆነ፤ በ2015 በማድራስ ፍርድ ቤት ተሟግታ አሸነፈች፣ በ2017 ማዕረጓን ለበሰች። ማዱራይ የተወለዱት ናርታኪ ናታራጅ በልጅነታቸው ከቤት ተባርረው ባራታናቲያም ከተባለው ጥንታዊ ውዝዋዜ ታላቅ መምህር ከኪታፓ ፒላይ እግር ሥር ተምረው በ2019 የአገሪቱን ፓድማ ሽሪ ሽልማት ተቀበሉ፤ ለዚህ ሽልማት ከትራንስ ሴቶች የመጀመሪያዋ ናቸው። እነዚህ ሁለቱ የሚደነቁ ናቸው። በእነሱ ስም የሚነገረው «ከተጣረ ይቻላል» ግን አይዋጥልኝም፤ ፖሊስ ለመሆን ሌላው ሰው ቅጽ ይሞላል፣ ፍርድ ቤት አይሄድም።

ይህን በግልጽ የምትናገረው ግሬስ ባኑ ናት። በታሚል ናዱ ምህንድስና ኮሌጅ የገባች የመጀመሪያዋ ትራንስጀንደር ሰው ናት፤ ዳሊትም ናት፤ በሕንድ የካስት ሥርዓት ከሁሉ በታች የተጣለው ወገን ማለት ነው። በግዛቱ ከመንግሥት ሥራና ከከፍተኛ ትምህርት ቦታ 69 በመቶው ለተጨቆኑ ወገኖች እንደየካስታቸው ተከፋፍሎ ይያዛል። በ2015 መንግሥት ትራንስጀንደር ሰዎችን «እጅግ ኋላ ቀር» በሚባለው መደብ አስገባ። ትልቅ እርምጃ ነው ተብሎ ተጨበጨበ። ባኑ ግን ቅጹ ላይ ያለውን አየችው። ዳሊት የሆነች ትራንስ ሴት በዳሊትነቷ ልታመለክት ወይም በትራንስጀንደርነቷ ልታመለክት ትችላለች፤ ሁለቱንም ግን አትችልም። በአንዱ ስትገባ ሌላውን ትታ ነው፤ በሰፈር ግን ሁለቱም በአንድ ላይ ነው የሚወርድባት።

የባኑ ጥያቄ በየካስቱ ድርሻ ውስጥ ለትራንስጀንደር ሰዎች የራሳቸው ቦታ ይለይ ነው። ጎረቤቷ ካርናታካ በ2021 በመንግሥት ሥራ ከየመደቡ አንድ በመቶ ለየች፤ በሕንድ የመጀመሪያዋ ግዛት ሆነች። ታሚል ናዱ፣ ቃሉን ቀድማ ያወጣች፣ ቦርዱን ቀድማ ያቋቋመች ግዛት፣ በዚህ ላይ ስትዘገይ ባኑና ጓደኞቿ ማመልከቻቸውን ይዘው ከመሥሪያ ቤት ወደ ፍርድ ቤት፣ ከፍርድ ቤት ወደ ሰልፍ ሲመላለሱ ቆይተዋል። የሚጠይቁት ሰው ሲሞላው ሁለቱንም መጻፍ የሚያስችል ቅጽ ነው።